የታመመው ልጁ ሆኖ ሳለ ቤተሰቡ ለምን ይጠራል?

አንድ አርሶ አደር የ16 ዓመት ወንድ ልጁን ይዞ ከገጠር ወደ ከተማ ሆስፒታል መጣ እንበል። ልጁ ትምህርቱን ካቋረጠ ሁለት ወር ሆኖታል። ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ ቀን ከእኩዮቹ ጋር አይውልም። አባት መክሯል፣ ተቆጥቷል፣ ጸበል አስጠምቋል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሲደርስ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ይህን ልጅ መልሱልኝ»። ባለሙያዋ ግን ልጁን ለብቻው ካነጋገረችው በኋላ በሚቀጥለው ቀጠሮ እናቱና እህቱም እንዲመጡ ትጠይቃለች።

እዚህ ላይ ቅር የሚለው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። «ጥፋቱ የእናንተ ነው ሊሉን ነው» የሚል ጥርጣሬ ያድርበታል። ጥርጣሬው ተገቢ በመሆኑ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል።

ባለሙያው ከታካሚው ጋር ለብቻ የሚያደርገው ውይይት የራሱ ዓላማ አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ ባለሙያ ከመምከሩ በፊት ማድመጥ፣ ሰውየውንም ሳይፈርድበት መቀበል እንዳለበት አጥብቀው አስተምረዋል። ሌላው አሜሪካዊ፣ የአእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ፣ በ1960ዎቹ (እ.አ.አ) የድባቴ ሕሙማን ስለራሳቸው የሚያስቡትን መመርመር ጀመሩ። «ከንቱ ነኝ»፣ «ነገም አይሻለኝም» የሚሉት ሐሳቦች እውነት መሆን አለመሆናቸውን ታካሚውና ባለሙያው አብረው ይፈትሻሉ፤ በትናንሽ የዕለት ተግባራትም ይሞክሯቸዋል። ይሁን እንጂ ልጁ ከባለሙያዋ ጋር የሚቆየው በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ነው። የቀረውን ጊዜ የሚኖረው በቤቱ ነው።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም መሬይ ቦወን ከ1954 (እ.አ.አ) ጀምሮ ባካሄዱት ጥናት የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን ከነቤተሰቦቻቸው በጥናት ማዕከሉ ውስጥ አኖሩ። ከቤተሰቦች ጋር ሲሠሩ ካስተዋሉት አንዱ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ውጥረት ሲበረታ ሦስተኛ ሰው ወደ መካከል እንደሚሳብ ነው። ይህን የማያውቅ ቤት ያለ አይመስልም። ባልና ሚስት ተኳርፈው «ለአባትህ እንዲህ ብለህ ንገረው»፣ «ለእናትህ እንዲህ በላት» ሲባባሉ ልጁ መልእክተኛ ይሆናል። ሸክሙ ሲከብደው የሚታየው ግን የእሱ ዝምታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለሙያዋ እህቱን ትጠይቃለች፤ «ወንድምሽ ዝም ሲል እናትሽ ምን ታደርጋለች? እናትሽ ያን ስታደርግ አባትሽስ?» ጥያቄው አንዱ ስለሌሎቹ ሁለት ሰዎች ያየውን እንዲናገር የሚጋብዝ በመሆኑ ማንም ራሱን ለመከላከል አይቸኩልም። የበቆሎ ቅጠል ሲገረጣ የግብርና ባለሙያ አፈሩንም ይመረምራል፤ ይህን ሲያደርግ አርሶ አደሩን መክሰሱ አይደለም።

በእርግጥ ሙያው ራሱ በዚህ ረገድ ስቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የስኪዞፍሬኒያ መነሻ የእናት አስተዳደግ ነው የሚል አስተሳሰብ በምዕራቡ ዓለም ተስፋፍቶ ነበር። ማስረጃ ስላልተገኘለት ተትቷል፤ እስከዚያው ግን ብዙ እናቶችን ያለ ጥፋታቸው አሳዝኗል። ጸንቶ የቆየው ከዚህ የተለየ ግኝት ነው። እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቻቸው ለንደን ውስጥ ከሆስፒታል ወጥተው ወደ ቤታቸው የተመለሱ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን ተከታተሉ። ነቀፌታ፣ ጥላቻ ወይም መጠን ያለፈ ጥበቃ በበዛበት ቤት የሚኖሩት ሕመሙ ይበልጥ ሲያገረሽባቸው ተገኘ። ቤተሰብ ሕመሙን አያመጣም፤ በቤት ውስጥ የሚነገረው ቃል ግን ለማገገም ይረዳል ወይም ያደናቅፋል። «ሰነፍ» የሚባለው ልጅ መታመሙን ቤተሰቡ ሲረዳ ስድቡ ይቀንሳል፤ መድኃኒት የታዘዘለትም ሳያቋርጥ እንዲወስድ የሚያግዘው ያገኛል። ጸበል የሚሄድ ሕመምተኛም ቢሆን መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም።

ይህን አሠራር ከሽምግልና ጋር ማመሳሰል ይቀናል። ሁለቱም ሰዎችን ያቀራርባሉ፤ በሁለቱም መደማመጥ አለ። ሽማግሌዎች ግን በዳይና ተበዳይን ለይተው ካሳ ወይም ይቅርታ ያስወስናሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍርድ አይሰጥም፤ ለማንም አይወግንም። አባትን በልጆቹ ፊት ማዋረድም ሥራው አይደለም። የአባትን ክብር ሳይጠብቅ የሚነሣ ባለሙያ በገጠሩ ቤተሰብ ዘንድ ሁለተኛ ቀጠሮ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ቤተሰብን አብሮ ማስቀመጥ የማይገባበት ጊዜም አለ። በቤት ውስጥ ድብደባ ወይም ጾታዊ ጥቃት ካለ፣ ተጎጂዋ በጥቃት አድራሹ ፊት የተናገረችው ማታ ቤት ስትገባ ለሌላ ጥቃት ሊዳርጋት ይችላል። ከዐረብ ሀገር የተመለሰች ወጣትም በአሠሪዎቿ ቤት የደረሰባትን በአባቷና በወንድሞቿ ፊት እንድትናገር መገደድ የለባትም። መጀመሪያ ለብቻዋ ትደመጣለች፤ ለቤተሰቡ ምን እንደሚነገር የምትወስነው እሷ ናት። ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው። የራሷ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ባለሙያው ዝም አይልም፤ ይህንንም ገና በመጀመሪያው ቀን ማስረዳት አለበት።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻውን ሳይተዉ፣ ፀረ ተባይ ኬሚካልና ገመድ ከአጠገቡ አርቀው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ፀረ ተባይ በየቤቱ ጥግ በሚቀመጥበት ገጠር ይህ ጥንቃቄ ነገ የሚባል አይደለም።

ለሌላው የሚከብደው መመላለሱ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በአብዛኛው ያሉት በከተማ ነው፤ ሕክምናው ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። በአጨዳና በውቂያ ወቅት አራት ሰው ከአንድ ቤት ማስወጣት ለአርሶ አደር ቀላል አይደለም። ቀጠሮው በገበያ ቀን እንዲሆን ቤተሰቡ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ ባለሙያውም ቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።