የመደብር ጸሐፊና የተጨመረበት ኃላፊነት

በደሴ ከተማ በፒያሳ የመደብር ጸሐፊ ሥራ ቀድሞ ምን እንደ ነበረ ነባሮቹ ነጋዴዎች አይዘነጉትም። ደብዳቤ መጻፍ፥ የዱቤውን መዝገብ መያዝ፥ የአሰብ ወደብ እስከ ተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስም በኮምቦልቻ በኩል የሚወጣውን ዕቃ ከሰነዱ ጋራ ማመሳከር ነበረ። ቁጥር ቢሳሳት ሰርዞ ያቃናዋል፤ ስሕተቱንም ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅበት አልነበረም።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 285 በ1994 ዓ.ም. ወጥቶ በ1995 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሲውል፥ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደንብ ቁጥር 139 ሲከተል፥ ይህ አሠራር ተለወጠ። ዐዋጁ በ2016 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1341 ቢተካም ከመቶ 15 የሆነው መጣኔ እንዳለ ነው። መሣሪያውም በብዙ መደብር ለጸሐፊው ተሰጠ፤ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ እርሱ ነው ተብሎ።

ስሌቱ ራሱ የሚያስቸግር አይደለም። በ1,000 ብር ጨርቅ ላይ 150 ብር ታክስ የከፈለ ነጋዴ ጨርቁን በ1,300 ብር ሲሸጥ ከገዢው 195 ብር ይሰበስባል፤ ለመንግሥት የሚያስገባው ልዩነቱን 45 ብር ነው። ይህን ለማስላት የአራተኛ ክፍል ትምህርት ይበቃል። ነገር ግን 150 ብሩ የሚቀነሰው የግዢው ሕጋዊ ደረሰኝ ሲገኝ ብቻ ነው። ባለቤቱ ከመርካቶ ያለ ደረሰኝ ገዝቶ ቢመለስ 195 ብሩ በሙሉ ተከፋይ ይሆናል። የወሩን ማስታወቂያ ሞልቶ የሚያቀርበው ግን ዕቃው ሲገዛ በስፍራው ያልነበረው ጸሐፊ ነው፤ «ለምን ይህን ያህል በዛ?» ተብሎ የሚጠየቀውም እርሱ ነው።

በሽያጩም በኩል ነገሩ ያው ነው። የቆየ ደንበኛ ከደጅ ቆሞ «ደረሰኙ ይቅርና ዋጋውን ቀንስልኝ» ሲል ባለቤቱ ያፍራል። ጸሐፊው «ሐጂ፥ ደረሰኙ ሳይቆረጥ ዕቃው ከወጣ ቅጣቱ በርስዎ ስም ነው የሚጻፈው» ቢል እንደ ደፋር ይቈጠራል። ዝም ቢል ደግሞ ተቆጣጣሪ በመጣ ቀን መሣሪያው አጠገብ የሚገኘው እርሱው ነው። መሣሪያው አንድ ጊዜ የመዘገበውን አይፍቅም፤ 1,800 ብር በስሕተት 18,000 ተብሎ ቢመታ ማስረጃ አያይዞ ማስተካከል እንጂ እንደ ድሮው በላጲስ ማጥፋት የለም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በያዘ ጊዜ ብዙ መደብሮች ተዘርፈዋል። ይህን ያየ ጸሐፊ የሰነዱን ግልባጭ በሌላ ስፍራ ማኖርን ከሥራው ቢቈጥረው አይፈረድበትም።

ስለዚህ መሣሪያውን ለጸሐፊው ያስረከበ ባለቤት ደረሰኝ የሌለውን ግዢ «አልመዘግብም» የማለት ሥልጣን አብሮ ሊሰጠው ይገባል፤ ይህንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፥ ሌሎቹ ሠራተኞችና የባለቤቱ ልጆች ጭምር እያወቁት ቢሆን የተሻለ ነው። ደመወዙም ይታሰብ፤ ከምሽቱ ሌሎቹ መዝጊያውን ገጥመው ሲሄዱ እርሱ የቀኑን ዜድ ሪፖርት አውጥቶ ከጥሬ ገንዘቡ ጋራ እስኪያስታርቅ ድረስ ከመደብሩ አይወጣምና።