«እርሺው» አይበሏት፣ ያዳምጧት
ከኤች.አይ.ቪ ጋር ለሚኖሩና አሰቃቂ ነገር ለደረሰባቸው ወገኖች የሚሰጥ የምክክር ሕክምና



በዚህ ወር የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን ብዙ ስለማይወራለት አንድ ቁስል እንነጋገራለን። ይህ ቁስል ደም አይፈሰውም፣ በራጅም አይታይም። ነገር ግን ሰው መድኃኒቱ እጁ ላይ እያለ እንዳይውጠው ያደርጋል። ነገሩን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ስለሆኑ ከእርሳቸው ልጀምር። ታሪካቸውን የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው። ማንነታቸው እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገሮችን ለውጫለሁ።

እኒህ እናት ከአምባሰል በኩል እየመጡ የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒታቸውን ከምሠራበት ክፍል ይወስዱ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ቀጠሮ አዛብተው አያውቁም። በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ገደማ ግን የሰጠኋቸው ኪኒን ሳይጎድል ይመለስ ጀመር። የደም ምርመራቸውም የቫይረሱ መጠን ከፍ ማለቱን አሳየ። እኔም በመስኮቱ በኩል ተቆጣኋቸው። «እማማ፣ እንዴት በሕይወትዎ ይጫወታሉ? ያለፈውን ይርሱትና መድኃኒትዎን ይዋጡ እንጂ!» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። የእንቅልፍ ኪኒን እንዳለኝ ብቻ ጠይቀው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ጠፉ።

የተመለሱት ለታካሚዎች ድጋፍ የምትሰጥ አንዲት እህት ቤታቸው ድረስ ሄዳ ስታመጣቸው ነው። በዚህ ጊዜ በመስኮት ሳይሆን ወንበር ስቤ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ የኪኒኑ ዕቃ ይንኮሻኮሻል» አሉኝ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም ጦርነቱ በእኛ በኩል አልፎ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲሄድ እኒህ እናት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ማሽላ ውስጥ ተደብቀው አድረዋል። መድኃኒቱን በመቀነታቸው ቋጥረውት ነበር። በተንቀሳቀሱ ቁጥር ኪኒኖቹ ይንኮሻኮሻሉ። ታጣቂ እንዳይሰማው ፈሩ። ጎረቤቶቻቸውም «ምንድን ነው እሱ?» እንዳይሏቸው ፈሩ። በዚያ ሌሊት የእህታቸው ልጅ አጠገባቸው በጥይት ተመታ። «ዕቃውን ባነሣሁ ቁጥር እዚያው ማሽላ ውስጥ ነኝ» አሉኝ።

ውድ አንባቢ፣ እኒህ እናት ቸልተኛ አልነበሩም። ታመው ነበር። እኔ ደግሞ ሕመማቸውን እንደ ጥፋት ቆጥሬ ተቆጣኋቸው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ባለሙያዎች ይህን ሕመም ድህረ አሰቃቂ ክስተት ጭንቀት ይሉታል። ጦርነት፣ መደፈር፣ ድብደባ፣ ከባድ አደጋ ወይም የወዳጅ ድንገተኛ ሞት ያየ ሰው ለተወሰኑ ሳምንታት ቢደነግጥና እንቅልፍ ቢያጣ የተፈጥሮ ነው። ብዙዎች በጊዜና በቤተሰብ ድጋፍ ይድናሉ። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ኑሮን ሲያውክ ግን ሕመም ይሆናል። ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ ሆኖ በቅዠት ወይም በቀን መመለስ፤
• የሚያስታውሰውን ቦታ፣ ሰው፣ ድምፅ ወይም ዕቃ መሸሽ፤
• በትንሽ ኮሽታ መበርገግ፣ መቆጣት፣ እንቅልፍ ማጣት፤
• ራስን መውቀስ፣ ሰውን አለማመን፣ ደስታን ማጣት።

ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? እንደ ሙያዬ ምሳሌ ልስጥዎ። በመድኃኒት መደርደሪያ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ስሙና ቀኑ ተጽፎበታል። ስምና ቀን የሌለው መድኃኒት አደገኛ ነው። አእምሯችንም ትዝታን ሲያስቀምጥ «ይህ የሆነው ያኔ ነው፣ እዚያ ነው፣ አልፏል» ብሎ ይጽፍበታል። በከባድ ፍርሃት ጊዜ ግን ድምፁ፣ ሽታው፣ የልብ ምቱ ቀንና ቦታ ሳይጻፍበት ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ኮሽታ ሲሰማ ሰውነት አደጋው ዛሬ እንደመጣ አድርጎ ይነሣል።

ከኤች.አይ.ቪ ጋር ሲደመር

ከቫይረሱ ጋር ለሚኖር ሰው ሸክሙ እጥፍ ነው። አንዳንዱ ቫይረሱ የያዘው በመደፈር ነው። ሌላው የምርመራ ውጤቱን የሰማበት ቀን ራሱ እንደ አደጋ ሆኖ ይመለስበታል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶችን የሰበሰበ ሥራ ከኤች.አይ.ቪ ጋር ከሚኖሩ ሴቶች 30 ከመቶ ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህም ከአገሪቱ ሴቶች ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ያሉት ሴቶች ጦርነት ያለፈባቸው አይደሉም።

መድኃኒቱ ራሱ አስታዋሽ ሲሆን ደግሞ ሰው መድኃኒቱን ይሸሻል። ሲያቋርጥ ቫይረሱ ይባዛል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። በአገራችን የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም ወዲህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ብዙ ሕይወት ተርፏል። ነገር ግን ኪኒኑን የሚውጠው ሰው ውስጡ ከቆሰለ ኪኒኑ ብቻውን ሥራውን አይሠራም።

ወሎ ውስጥ ሐዘንን በጋራ መሸከም እናውቅበታለን። በሐይቅ ዳር የእስጢፋኖስ ገዳም ደወልና የመስጊዱ አዛን በሚሰሙበት አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለቅሶ ቤት አብሮ ይቀመጣል። ሟች ይነሣል፣ ይለቀሳል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቡናው ይፈላል። የኤች.አይ.ቪ ሐዘን ግን ለቅሶ ቤት የለውም። የተደፈረች እህትም ለቅሶ ቤት የላትም። ሐዘኗን ብቻዋን ታፍነዋለች።

የምክክር ሕክምና እንዴት ይሠራል?

የምክክር ሕክምና ወሬ ወይም ተግሣጽ አይደለም። ሥርዓትና ቀጠሮ ያለው ሕክምና ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ለተወሰኑ ሳምንታት ይካሄዳል።

በመጀመሪያ ባለሙያው ምሥጢር እንደሚጠብቅ ያረጋግጣል፤ ታካሚው አሁን ያለበት ቦታ ከአደጋ የራቀ መሆኑንም ያያል። ቀጥሎ ሕመሙን ያስረዳል። «አላበድሁም ማለት ነው?» ብሎ እፎይ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ ድንጋጤው ሲመጣ በእርጋታ መተንፈስንና ራስን ወደ አሁኑ ጊዜ መመለስን ያለማምዳል። ታሪኩ የሚነገረው ከዚህ በኋላ፣ በታካሚው ፈቃድና ፍጥነት ነው።

አንዱ ዘዴ የሕይወት ታሪክን ከልደት ጀምሮ በቅደም ተከተል መናገር ነው። መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል። ገመዱ ዕድሜ ነው። በደስታው ቀን ላይ አበባ፣ በመከራው ቀን ላይ ድንጋይ ይቀመጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ድንጋይ በዝግታ ይነገራል። ምን አዩ? ምን ሰሙ? ምን አሰቡ? ከዚያስ ምን ሆነ? እንዲህ እየተባለ ቀንና ቦታ ያልነበረው ትዝታ ቀንና ቦታ ያገኛል። ይህ ዘዴ በኡጋንዳ መጠለያ ለነበሩ 43 የሱዳን ስደተኞች ተሞክሮ ውጤቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከአንድ ዓመት በኋላ በዚህ ዘዴ ከታከሙት መካከል ሕመሙ ያልለቀቃቸው 29 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ተራ የማጽናናት ምክር ካገኙት ግን 79 ከመቶዎቹ አልዳኑም ነበር። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ማጽናናትና ማከም እንደሚለያዩ ያሳየናል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የኬንያው ነው። በኪሱሙ ከተማ ከኤች.አይ.ቪ ጋር የሚኖሩ፣ ጥቃት የደረሰባቸው፣ የድብርትና የዚህ ሕመም ተጠቂ የሆኑ 256 ሴቶች በጥናት ተሳትፈዋል። ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሕክምናው 12 ሳምንታዊ ምክክር ሲሆን፣ የሐዘንን፣ የጠብንና የኑሮ ለውጥን ችግር አንድ በአንድ የሚፈታ ነበር። ሕክምናውን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ከሁለቱም ሕመሞች ተሽሏቸዋል። አማካሪዎቹ የአእምሮ ሐኪሞች አልነበሩም፤ ሠልጥነው ክትትል የሚደረግላቸው የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ከሆነ ይህ ሕክምና ሐኪም ባነሰበት በእኛም አገር ይቻላል። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ወገኖች በመቅድምና በተስፋ ጎህ ማኅበራት ተሰባስበው እርስ በርስ ሲደጋገፉ መቆየታቸውን እናውቃለን። የጎደለው ሥልጠናና ክትትል ነው።

ዲናችን ምን ያሳየናል?

«ኢማን ያለው ሰው አይጨነቅም» የሚሉ አሉ። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል፤ ሐዘናቸውንም ወደ አላህ (ሱ.ወ) አሰምተዋል። ማንም ኢማናቸው ደከመ አላለም።

ከሒራ ዋሻ የተመለሱትን ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ እናስታውስ። እየተንቀጠቀጡ ገቡ፣ እንዲሸፍኗቸውም ጠየቁ። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) «ምንም አይደለም፣ ይርሱት» አላሉም። ፍርሃቱ እስኪለቃቸው ሸፈኗቸው። የሆነውን ሲነግሯቸው አዳመጡ። መልካም ሥራቸውን እያነሡ አላህ እንደማያዋርዳቸው አጽናኗቸው። ከዚያም ወደ ዐዋቂው ወረቃ ኢብኑ ነውፈል ወሰዷቸው። እህቴ፣ ወንድሜ፣ ቅደም ተከተሉን ያስተውሉ፤ መጀመሪያ ማረጋጋት፣ ቀጥሎ ማዳመጥ፣ ማጽናናት፣ በመጨረሻም ወደሚያውቅ ሰው መውሰድ። ከቤተሰብ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ዱዓና ቁርኣን ለልብ መረጋጊያ ናቸው፤ አይቋረጡ። «ጂን ነው» ብሎ መድኃኒት ማስቆም ግን ነፍስን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ስለ መድኃኒትና ምግብ

1. የእንቅልፍ ኪኒን፦ ዲያዜፓምና መሰሎቹ ይህን ሕመም አይፈውሱም፣ ሱስም ያስይዛሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከማንም አይግዙ።
2. ዶሉተግራቪር፦ አሁን ብዙዎች የሚወስዱት የፀረ ኤች.አይ.ቪ ኪኒን ይህን ይዟል። አንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሕልም ያበዛል። እንዲህ ከሆነብዎ አያቋርጡ። ማታ የሚወስዱ ከሆነ ወደ ጠዋት ስለመቀየር ባለሙያዎን ያማክሩ። በረመዳን በሱሑር ወይም በኢፍጣር ሰዓት በቀን አንድ ጊዜ መውሰድ ይቻላል።
3. አብረው የማይሄዱ፦ የጨጓራ ማስታገሻ (አንታሲድ) የሚወስዱ ከሆነ ዶሉተግራቪርን ከእርሱ 2 ሰዓት ቀድመው ወይም 6 ሰዓት ዘግይተው ይውሰዱ። የብረትና የካልሲየም ኪኒንም እንዲሁ ነው፤ ከምግብ ጋር ከሆነ ግን እነዚህን ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን የዶሉተግራቪርን ኃይል ስለሚቀንስ ለሐኪሙ ይንገሩ።
4. ጫትና ቡና፦ የዱዓ ቡና ባህላችን ነው፤ ነገር ግን ጫትና የምሽት ቡና የሚበረግግ ልብን ይብስ ያስበረግጋሉ። ቅዠት ያለበት ሰው ጫቱን ይተው፣ ቡናውን ከዙህር በፊት ያድርግ።
5. ምግብ፦ ሐዘን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ትንሽ ትንሽ፣ በሰዓቱ ይብሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ የሐይቃችን ዓሣም ከተገኘ ጥሩ ነው። የሚቻል ከሆነ ብቻዎን አይብሉ።

ምን እናድርግ?

ለቤተሰብ፦ «እርሺው»፣ «ከአንቺ የባሰም አለ» አይበሉ። «እዚህ ነኝ፣ ስትፈልጊ ንገሪኝ» ይበሉ። ያልፈለገን ሰው ግን አስገድደው አያናግሩ፤ በአንድ ቀን ሁሉንም ማስተረክ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ድንጋጤው ሲመጣ በቀዝቃዛ ውሃ ውዱእ ማድረግ፣ እግርን መሬት ላይ አስረግጦ በዓይን የሚታዩ አምስት ነገሮችን መቁጠር ይረዳል። የሰሙት ምሥጢር አማና ነው። መሞትን የምታወራ እህት ካለች ግን ብቻዋን አይተዉአት፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት።

ለተደፈረች እህት፦ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሱ ኤች.አይ.ቪን የሚከላከል ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ጊዜው ቢያልፍም ይሂዱ።

ለታካሚ፦ ኪኒን የተዉበትን እውነተኛ ምክንያት ይንገሩን። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። «ለሰው አደጋ ነኝ» የሚለውን ሐሳብ ይህ እውነት ያሸንፈው።

ለኢማሞችና ለሽማግሌዎች፦ በጁሙዓ ኹጥባ አንድ ጊዜ ስለዚህ ሕመም ቢነገር አንድ መቶ ቤት ይሰማል።

እኒያ እናት ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደሴ ከአንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ለወራት ተመላለሱ። እኔም በዚያ ሰሞን ኪኒኑ እንዳይንኮሻኮሽ ንጹሕ ጥጥ ዕቃው ውስጥ እጨምርላቸው ነበር። አንድ ቀን መጥተው «ጥጡ ይቅር» አሉኝ። ዕቃውን አንሥተው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ እጃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። «ያ ሌሊት ነበር፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው» አሉኝ።

የቫይረሱ መጠን ከዚያ በኋላ ወርዷል፣ አልሐምዱሊላህ።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሸፋውን፣ ለአገራችን ሰላሙን ይስጥ። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።