ከመኪናው ሥር ያለው የማር እንጀራ

ካታላይዘር የሚባለውን የመኪና ዕቃ እወደዋለሁ። የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ዘይት አይጠጣም፤ ግሪስ አይፈልግም። ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ማርሚታው በሚሄደው ቧንቧ መሀል ተኝቶ ዓመታት ሙሉ ድምፁን ሳያሰማ ይሠራል። እንዲህ ያለ አገልጋይ ግን በእኛ ዘንድ ክብር አላገኘም። ዳባትና ደባርቅ ጋራዥ ውስጥ ከቆሙ አሮጌ የቤንዚን መኪኖች ሥር አጎንብሼ ስመለከት ብዙ ጊዜ የማየው እሱን ሳይሆን በቦታው የተበየደ ባዶ ቧንቧ ነው። የእኔም ኮሮላ እንዲሁ ነበረች። ስገዛት ሊብሬዋን፣ የሻንሲ ቁጥሯን፣ ቦሎዋን አንድ በአንድ አየሁ፤ ከሥሯ ግን ያየሁት ከገዛኋት በኋላ ነው።

ሥራው ባጭሩ ይህ ነው፦ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለውን ቤንዚን ወደ ውኃ ትነትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ደግሞ መልሶ ወደ ናይትሮጅን ይለውጣል። የብረት ልባሱ ሲከፈት ውስጡ ሸክላ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች የተበሳሳ፣ ቁርጥ የማር እንጀራ። በብዙዎቹ ላይ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 60 ያህል ቀዳዳ አለ። ግድግዳዎቹ ላይ የተቀባው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተደምሮ ጥቂት ግራም ብቻ ነው፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ መኪኖች ይህን ዕቃ በብዛት ይዘው መውጣት የጀመሩት በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ሽፋኑን ስለሚመርዘው፣ እርሳስ አልባ ቤንዚን በሌለበት አገር ዋጋ አልነበረውም። ኢትዮጵያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ያቆመችው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መቁረጡ ምክንያት ነበረው፤ ዛሬ ግን የለውም።

አሁንም የሚቆረጠው «ያፍናል» በሚል ክስ ነው። ይህን ክስ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንድ ቀን ዳባት ጋራዥ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ሾፌር መጡና ለመካኒኩ፣ «ልጄ፣ ሊማሊሞን ስወጣ አፍና ልትገድለኝ ነው። ይችን ቆርቆሮ ቆርጠህ ጣልልኝ» አሉት። እሱም «እሺ ጋሼ» ብሎ መቁረጫውን አነሣ።

«ጋሼ፣ ዛሪማ ሳሉስ ታፍናለች?» አልኳቸው።

«ኧረ ታችማ እንደ ጥይት ናት!»

«ካታላይዘሩ እኮ ታችም አብሯት ነበረ።»

ሽማግሌው ዝም ብለው ወደ ሊማሊሞ አቅጣጫ አዩ። መካኒኩ መቁረጫውን አስቀመጠ።

የሚያፍነው ከፍታው ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ የሚወሰነው በሚስበው አየር መጠን ስለሆነ የሚያጣውም በዚያው ልክ ነው። ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ደባርቅ ሲደርስ 70 ያህል ቢቀረው ነው። ሳንካበርንና ጨነቅን አልፎ የቧሂትን በር ሲያቋርጥ ደግሞ ወደ 60 ይወርዳል። ቧሂትን በእግሩ ተሻግሮ አምቢኮ ያደረ፣ በማግስቱ ራስ ዳሽንን የወጣ ሰው ይህን በራሱ ሳንባ ያውቀዋል፤ እዚያ ላይ አሥር እርምጃ ሄዶ መቆም አለ። እሱ በትንፋሽ ማጠሩ አፍንጫውን ጥፋተኛ አያደርግም። መኪናው ሲደክም ግን ጥፋቱ በካታላይዘሩ ይሳበባል። ጎብኚ የጫነው ላንድክሩዘር በጎናቸው ሽው ብሎ ሲያልፍ የሚናደዱም አሉ፤ ያ መኪና ቱርቦ ካለው ሳሳ ያለውን አየር ጠቅጥቆ ነው ለሞተሩ የሚያጎርሰው።

ካርቡራተር ያላቸው አሮጌዎቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ካርቡራተሩ ለቆላ ተስተካክሎ ደጋ ሲወጣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ጭሱ ይጠቁራል። እዚህ መኪናው ካርቡራተሩን የሚያስተካክል እጅ ነው የሚፈልገው፤ መቁረጫ ምንም አያደርግለትም።

ጤነኛ ካታላይዘር የሚወስደው ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እኔ ሞክሬዋለሁ። የኮሮላዬን ካታላይዘር ከማስገባቴ በፊት አንድ ቀን፣ ካስገባሁ በኋላ ሌላ ቀን፣ ያንኑ ጭነት ይዤ ከሊማሊሞ ግርጌ እስከ ደባርቅ መግቢያ ሰዓት ያዝኩ። ልዩነቱ አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ ያውም በሁለተኛው ቀን ከፊቴ አንድ የተጫነ ሲኖትራክ ነበር። ቆርጠው የጣሉ ሰዎች «ተለቀቀች» የሚሉት ድምጿ ስለሚጨምር ነው። ጆሮ ጩኸትን ጉልበት አድርጎ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሲቆረጥ የኦክስጅን ሴንሰሩ ይሰበራል ወይም ሽቦው ይንጠለጠላል። ያኔ ኮምፒውተሩ መጥኖ ማጠጣት ያቅተውና ቤንዚን ያበዛል፤ ባለቤቱም «ቤንዚን ትበላለች» እያለ ሌላ ጋራዥ ይዞራል።

ክሱ እውነት የሚሆንበት ጊዜም አለ። የማር እንጀራው ቀልጦ ወይም ተሰባብሮ ሲደፈን ሞተሩ በእርግጥ ይታፈናል። ግን በራሱ አይደፈንም፤ የሚደፍነው ሌላ ሕመም ነው። አንድ ካንዴላ መተኮስ ሲያቆም ያልተቃጠለው ቤንዚን ወርዶ ካታላይዘሩ ውስጥ ይቃጠላል፤ ሙቀቱ አለቅጥ ሲወጣ ሸክላው ይቀልጣል። ዘይት የሚበላ ሞተርም ቀዳዳዎቹን በአመድ ይለስናቸዋል። በደባርቅ ብርድ ባትሪ ሲሞት መኪና እየገፉ፣ ሞተሩ እየተንተፋተፈ ቁልቁል ማንደርደር የለመዳችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ባትሪውን ቻርጅ አስደርጉት። በእያንዳንዱ ግፊያ ጥሬ ቤንዚን ነው ወደዚያ ሸክላ የምታፈሱት። በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚንም ወዳጁ አይደለም።

መደፈኑን ለማወቅ መቁረጥ አያስፈልግም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካታላይዘሩን በጡጫ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ከተንኳኳ ሸክላው ተሰብሯል። ቀጥሎ የፊተኛውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትቶ ለአፍታ መንዳት ነው። በዚያች ቀዳዳ ሲተነፍስ ጉልበቱ ከተመለሰ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ መተካቱ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ያሉን አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ለመኪናው ተብሎ የተሠራው አዲሱ ዕቃ ለአሮጌ ኮሮላ ባለቤት የሚቀመስ አይደለም። የሚቻለው አንድም ከተጋጨ ተመሳሳይ መኪና የወጣ፣ አንድም ለብዙ ዓይነት መኪና ተብሎ የተሠራ፣ ቆርጦ የሚበየድ ነው።

ያገለገለውን ሱማሌ ተራ የሚፈልግ ሰው ዕቃውን ሳይሆን ሆዱን ይግዛ። ባዶ ልባስ ለማያውቅ ሰው የሚሸጥበት ምክንያት አለ፦ በ2021 እ.ኤ.አ. 31 ግራም ሮዲየም በዓለም ገበያ ከ20,000 ዶላር በላይ አውጥቷል፤ ስለዚህ ሸክላውን ለማዕድኑ አውጥቶ ልባሱን መልሶ የሚበይድ ሞልቷል። እኔ የገዛሁት ሦስተኛውን ነው። የመጀመሪያው ሳነሣው እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለኝ፤ በጎኑም የብየዳ ጠባሳ ነበረበት። ሁለተኛው ሲናጥ ተንኳኳ። ሦስተኛውን በአንድ በኩል የስልኬን መብራት አብርቼ በሌላው አየሁበት፤ ብርሃኑ በሺህ ቀዳዳ ተከፋፍሎ እንደ ወንፊት ወጣ፤ የሸክላው ፊት ደረቅ፣ ግራጫ፣ ዘይት ያልነካው ነበር። ከየት መኪና እንደወጣ ሻጩ በግልጽ ካልተናገረ ደግሞ ይቅርባችሁ፤ ከሰው መኪና ሥር በሌሊት የተቆረጠ ሊሆን ይችላል።

ተበያጁ ሲመረጥ የሞተሩ ሲሲና የቧንቧው ስፋት መግጠም አለባቸው። ለ1,000 ሲሲ የተሠራው 1,800 ሲሲ ላይ ሲገባ ያኔ በእርግጥ ያፍናል። ቦታውም ፋብሪካው ባስቀመጠው ይሁን። ወደ 300 ዲግሪ ሳይሞቅ ሥራ አይጀምርም፤ ከሞተሩ አርቆ ወደ ኋላ የበየደው ሰው ጌጥ ነው ያንጠለጠለው። በያጁ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ሽቦ ይፈታ፤ ሴንሰሮቹ ይውጡ። ከሴንሰሩ በፊት ባለው መጋጠሚያ ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረ ከውጭ የሚሳበው አየር ሴንሰሩን ያሳስተዋል። እኔ ሁለቱንም ጫፍ በቡሎንና በጓርኒሲዮን አሰርኩት፤ ነገ ሲያስፈልግ የሚፈታው በመፍቻ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ካንዴላውና ዘይት መብላቱ ይታይ፤ አሮጌውን የገደለው ሕመም አዲሱንም በወራት ይገድለዋል።

ደባርቅ ላይ ጠዋት ጠዋት በር ዘግቶ ግቢ ውስጥ ሞተር የሚያሞቅ ብዙ ነው። ካታላይዘሩ ቢኖርም እስኪሞቅ አይሠራም፤ በዚያ ሰዓት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ኦክስጅኑ በሳሳበት አገር ደግሞ ይብሳል። ልጆች በመስኮቱ ሥር ተኝተዋል፤ መኪናውን አውጡና ደጅ አሙቁት።

ካታላይዘሩ ራሱ ሲሠራ በጣም ይግላል፤ የደረቀ ሣር ላይ ከቆሙበት ሊያቀጣጥል ይችላል። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ሣር ተቀጣጥሎ ከእስራኤል ሳይቀር የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው የተረባረቡበትን ቀን አልረሳም። በበጋ ወደ ሳንካበር ስወጣ የደረቀ ጓሳ ላይ መኪና አላቆምም፤ ጠጠር ፈልጌ አቆማለሁ። ከዚያ ወርጄ አጎነብሳለሁ፤ ከጋለው ብረት ላይ «ጢክ፣ ጢክ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እየቀዘቀዘ ነው።