አንድ ቆሻሻ፣ ሁለት ስም፦ የሕግ ክፍተትና የአደገኛ ቆሻሻ ዝውውር

ያለ ተቀባዩ አገር ፈቃድ አደገኛ ቆሻሻን ድንበር ማሻገር፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የባዝል ስምምነት በወንጀልነት የፈረጀው ድርጊት ነው። ታዲያ ሕጉ እያለ ዝውውሩ ስለ ምን አልተገታም? አንዱ ምክንያት በሕግና በሕግ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። በአይቮሪ ኮስት የደረሰው ጥፋት ይህን በግልጽ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ትራፊጉራ የተባለው የነዳጅ ንግድ ኩባንያ በተከራያት ፕሮቦ ኮዋላ በተባለች መርከብ ላይ፣ ድኝ የበዛበት ያልተጣራ ነዳጅ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠብ ነበር። የእጥበቱን ዝቃጭ በአምስተርዳም ወደብ ለማስወገድ ተሞከረ፤ ነገር ግን ከባድ ሽታ ስለ ነበረው የማስወገጃው ዋጋ እጅግ ከፍ ተደረገ። ኩባንያው ዋጋውን ባለመቀበሉ ዝቃጩ ወደ መርከቧ ተመለሰ። በነሐሴ ወር አቢጃን ሲደርስ ፈቃድ ካወጣ ብዙም ያልቆየ የአገሬው ድርጅት ተረከበውና በከተማዪቱ ዙሪያ በልዩ ልዩ ስፍራዎች ደፋው። የአገሪቱ ባለሥልጣናት እንዳስታወቁት ቢያንስ 15 ሰዎች ሞተዋል፤ ከ100,000 በላይ ሰዎችም ሕክምና ፈልገዋል።

ክፍተቱ የቱ ጋ ነበር? የባዝል ስምምነት ከመርከብ መደበኛ ሥራ የሚወጣና በሌላ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚገዛ ቆሻሻን አይመለከትም። እንዲህ ያለው ቆሻሻ ማርፖል በተባለው የባሕር ብክለት መከላከያ ስምምነት ይተዳደራል። ስለዚህ ዝቃጩ «የመርከብ እጣቢ» ከተባለ ተራ የወደብ አገልግሎት ጉዳይ ይሆናል፤ «የኢንዱስትሪ ቆሻሻ» ከተባለ ግን ያለ ተቀባዩ አገር የጽሑፍ ስምምነት ሊጓዝ አይችልም። የሚጸናበትን ሕግ የሚወስነው የተሰጠው ስም ነው።

ቅጣቱም በድንበር ተወስኗል። የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ኩባንያውን 1 ሚሊዮን ዩሮ ቢቀጣም፣ ክሱ በአምስተርዳም የተፈጸመውን እንጂ በአቢጃን የደረሰውን አልነካም። ዘግይቶም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በጉዞ ላይ ባለች መርከብ ውስጥ እንዲህ ያለ የማምረት ሥራ ተከልክሏል።

አገራችን የባዝልና የባማኮ ስምምነቶች አባል ናት፤ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010ንም አውጥታለች። ሆኖም ስም የመለወጡ ስልት በኤሌክትሮኒክስ ዕቃም ይሠራል፤ የተበላሸ ኮምፒውተር «ያገለገለ ዕቃ» ተብሎ ሊጫን ይችላል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ ያገለገለ መሣሪያ በእርዳታ የሚቀበል ተቋም ሁሉ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ተፈትሾ የሚሠራ ስለ መሆኑ የጽሑፍ ማስረጃ ሊጠይቅ ይገባል። ማስረጃ ያልቀረበለትን ስጦታ በአክብሮት መመለስ፣ በኋላ ማስወገጃው ከሚያስከትለው ወጪና ጉዳት ያድናል።