ከቆዳ ጋሻ እስከ ናኖ ቅንጣት፦ ጥይት መከላከያ እንዴት ይሠራል?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ጉግስም ይታያል። አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፤ ተሳዳጁ እየጋለበ ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል። በዓሉን የሚያከብረው የፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ያኔም ሆነ ከዚያ በፊት የአገሬው ጋሻ ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከበሬ ቆዳ ይሠራ ነበር። ስለ ናኖ ቁስ የሚወራው ሁሉ ከቤተ ሙከራ የወጣ አዲስ ነገር ለሚመስለው ሰው፣ ይህን ቆዳ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ቆዳን ጠንካራ የሚያደርገው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው። የአንዱ ሞለኪውል ርዝመት 300 ናኖ ሜትር፣ ውፍረቱ ደግሞ 1.5 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ መሆኑን ልብ ይሏል። ሞለኪውሎቹ ተጠማዝዘው ቀጭን ጭረት፣ ጭረቶቹ ተጠቃለው ወፍራም ክር ይሆናሉ፤ ክሮቹ ደግሞ በየአቅጣጫው ይጠላለፋሉ። ዘንግ ሲያርፍበት ክሮቹ ይሳባሉ፣ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ የምቱንም ጉልበት ተከፋፍለው ይበሉታል።

ጥይት ግን ዘንግ አይደለም። 8 ግራም የሚመዝን የሽጉጥ ጥይት በሰከንድ 398 ሜትር ሲበር የሚሸከመው ጉልበት ከ630 ጁል በላይ ነው፤ ያውም በጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ። ይህን የሚያቆም ጨርቅ የተገኘው በ1965 እ.ኤ.አ. ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች ኬሚስት ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ኬቭላር ለተባለው አራሚድ ክር መሠረት ከጣለች በኋላ ነው። የዛሬው ጥይት መከላከያ ሰደርያ ብዙ ጊዜ ከብዙ የአራሚድ ጨርቅ ንብርብር የተሠራ ነው። ጥይቱን ቢይዘውም ጨርቁ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ለዚህም የአሜሪካ ብሔራዊ የፍትሕ ተቋም መለኪያ ከጀርባው በሚደረግ የሸክላ ጭቃ ላይ ከ44 ሚሊ ሜትር በላይ ጉድጓድ እንዳይኖር ያዛል። ጥይቱ ሳይበሳም የጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላልና።

ሰደርያው የሚሸነፈው ክሩ ተበጥሶ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ድርና ማጉ ገለል ገለል ብለው መንገድ ይለቃሉ። ወስፌን የመሰለ ሹል ነገር ጥይት የሚያስቆመውን ጨርቅ በቀላሉ የሚወጋው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ክሩን እንዴት እናጠንክረው ከሚለው ይልቅ ክር ከክር ላይ እንዳይንሸራተት ምን እናድርግ የሚለው ይሆናል። የናኖ ቁስ ትልቁ ውለታ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አንዱን መፍትሔ ለመረዳት ከድንች እንጀምር። በእንጅባራ ዙሪያ ያለ የአዊ ገበሬ ድንች ፍቆ ውሃውን ቢያስቀምጥ ከሥር የሚዘቅጥ ነጭ ስታርች ያገኛል። ጣቱን ቀስ ብሎ ቢከት እንደ ፈሳሽ ያስገባዋል፤ በጡጫ ቢመታው ግን ድርቅ ይልበታል። በ2003 እ.ኤ.አ. በደላዌር ዩኒቨርሲቲ ኖርማን ዋግነርና ባልደረቦቹ ከአሜሪካ ጦር የምርምር ቤተ ሙከራ ጋር ሆነው ይህንኑ ጠባይ ወደ ኬቭላር አስገቡት። 450 ናኖ ሜትር ገደማ የሆኑ የሲሊካ ቅንጣቶችን በኤትሊን ግላይኮል በጥብጠው ጨርቁን ነከሩት። ሰውየው ሲንቀሳቀስ ቅንጣቶቹ ይተላለፋሉ፤ ምት ሲመጣ ግን ተጨናንቀው ይቆላለፉና ክሩን ባለበት ይይዙታል።

ውጤቱ በየመጽሔቱ እንደተጋነነው አልነበረም። የተነከረው ጨርቅ ክብደቱ እኩል ከሆነ ደረቅ ኬቭላር የተሻለ ጥይት አላቆመም፤ እኩል ነው ያቆመው። ትርፉ መሳሳቱና እንደ ልብ መታጠፉ ነው። ከሹል ነገር በመከላከል ግን በግልጽ በለጠ። ሌሎች ደግሞ ፈሳሹን ትተው አራሚዱ ላይ የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ሽቦዎችን እንደ ፀጉር አበቀሉበት፤ ክሩን ከጨርቁ ውስጥ ለመምዘዝ የሚጠይቀው ጉልበት በብዙ እጥፍ ጨመረ።

ካርቦን ናኖ ቱቦ የሚሉት ግን ብዙ ሰው ያታልላል። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገ ፈተና የነጠላ ቱቦዎች ጥንካሬ ከ11 እስከ 63 ጊጋ ፓስካል ተለክቷል፤ ኬቭላር ከ3 እስከ 4 ቢሆን ነው። ነገር ግን ሚሊዮን ቱቦዎች ወደ ክር ሲፈተሉ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፤ ያ ሁሉ ጥንካሬም ክሩ ውስጥ አይገኝም። ዞሮ ዞሮ ያው የሰበቃ ጉዳይ ነው።

የክላሽንኮቭ ጥይትን ጨርቅ ብቻውን አያቆመውም፤ ጠንካራ ሳህን ያስፈልጋል። ከሳህኖቹ ቀላሉ ቦሮን ካርባይድ በጣም ፈጣን ጥይት ሲመታው ለምን እንደሚከዳ የታወቀውም በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ2 እስከ 3 ናኖ ሜትር በሚሰፉ ስንጥቅ መሳይ መስመሮች ላይ የቁሱ የአተሞች አሰላለፍ ይፈርሳል።

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለውን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን እርጥበት ነው። ውሃ የገባው አራሚድ ክሩ ስለሚያሟልጭ አቅሙ ይቀንሳል። ከዚህ የከፋም ደርሷል። ዛይሎን የተባለው ክር ከኬቭላር በልጦ ሲሞገስ ቆይቶ በ2003 እ.ኤ.አ. ፔንስልቬንያ ውስጥ አንድ ፖሊስ የለበሰው ሰደርያ ተበሳ። ክሩ በእርጥበትና በሙቀት እያደር እንደሚደክም ተረጋገጠና በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የፍትሕ ተቋም ዕውቅናውን ሰረዘ። አዲስ የናኖ ቅባት ይዞ ለሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ መቅረብ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ዝናብ ውስጥ ከርሞ፣ ታጥፎ፣ ተዘርግቶ፣ በስንተኛው ዓመት ተተኮሰበት?

በዚህ ሙያ የኢትዮጵያውያን እጅ የለም ማለት አይደለም። ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተማረው ሙላት አሉበል አብተው፣ ፈረንሳይ ሩቤ በሚገኘው የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ቤት ለዶክትሬቱ የሠራው በሴቶች ሰደርያ ላይ ነው። ለወንድ ደረት የተሰፋው ሰደርያ ለሴት እንዲሆን ሲቆረጥና ሲጋጠም ስፌቱ ደካማ ቦታ ይሆናል። እሱ ድሩ ከንብርብር ወደ ንብርብር እየተሻገረ የሚያስተሳስረውን የአራሚድ ጨርቅ ሳይቆርጥ የጡትን ቅርጽ አስይዞ ሞከረ። ናኖ አይደለም፤ ግን የናኖ ቅባቱም የሚቀባው እንዲህ ባለ ጨርቅ ላይ ነው።

የአገሬው ጥሬ ዕቃ፣ ለምሳሌ የእንጅባራ ቀርከሃስ? ጭረቱ በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ተፈትኗል። ወደ ቀርከሃው ውጫዊ ልጥ በቀረበ ቁጥር ጭረቱ እየተጠጋጋ ይሄዳል፤ የሴሉሎሱ ናኖ ክሪስታልም በግትርነቱ ከኬቭላር አያንስም። ሙሉ ጭረቱ ግን ከአራሚድ ጥንካሬ አምስተኛ ያህል ቢኖረው ነው። ስለዚህ ጥይቱን ፊት ለፊት አይመክትም። ሊገባበት የሚችለው ከሳህኑ ጀርባ የሚለጠፈው ድጋፍ ወይም የራስ ቁር ውስጥ ነው፤ ለዚያውም እርጥበት እንዳያሳብጠው የሚያደርግ ሙጫ ከተገኘለት።