የጓሳ ሣር፤ አኗኗሩና አጠባበቁ

በጥር ወር ከሳሪስ ወደ አቃቂ የሚወርደውን ሜዳ የተመለከተ ሰው፣ በክረምት ለምልሞ የነበረው ሣር ደርቆ፣ ጥቁሩ መረሬ አፈርም እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ ሲያይ፣ ሣር ከዝናብ ጋር መጥቶ ከዝናብ ጋር የሚሄድ ደካማ ፍጥረት ነው ብሎ ቢፈርድ አያስደንቅም። ነገር ግን ይኸው ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደሚገኘው የመንዝ ጓሳ ቢወጣ፣ ዕድሜ ጠግቦ፣ ሀብቱን ሰውሮ፣ ቁርንም ድርቅንም ታግሦ የሚኖር የሣር ወገን ያገኛል።

በዚያ ከፍታ ፀሐይ በቀን ቆዳ እስኪያቃጥል ትበረታለች፤ በበጋ ሌሊት ደግሞ አመዳይ ምድሩን ያለብሰዋል። የጓሳ ሣር ይህን የሚቋቋምበት ጥበብ፣ መሬቱን እንደ ምንጣፍ በመሸፈን ፈንታ እየተሰባሰበ በጉብታ ጉብታ መቆሙ ነው። አንዱን ጉብታ በሁለት እጁ ገለጥ አድርጎ የተመለከተ፣ በውጭ በኩል ግራጫ የሆነውን ያለፉትን ዓመታት ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ ውስጥ አረንጓዴውን፣ ከሁሉም በታች ከአፈሩ አጠገብ ነጣ ያለውን ለስላሳ የቅጠል ግርጌ ያያል። አዲሱ ቅጠል የሚወጣው ከዚህ ከተሸሸገው ስፍራ ነው፤ የሞተው ቅጠልም ለሕያው ቡቃያ ከውርጭ መከላከያ ልብስ ይሆነዋል፤ ብርዱ መበስበስን ስለሚያዘገየውም በጊዜ ብዛት ጥቂት በጥቂት ፈርሶ ምግቡን ለገዛ ሥሩ ይመልሳል።

የምግቡ አከማቸትም እንዲሁ ረቂቅ ነው። ቅጠሉ በቀን ብርሃን ስኳር ያዘጋጃል፤ ሆኖም ብርዱ ዕድገቱን ስለሚገታው የተዘጋጀውን ሁሉ ለማደግ አያውለውም። የተረፈው፣ በጓሳ የሣር ወገን ዘንድ በተለይ ፍሩክታን በሚባለው የስኳር ዓይነት ሆኖ፣ በቅጠሉ ግርጌ እንደ ገበሬ ጎተራ ይከማቻል። ጎረቤቱ የሆነው ጅባራ የተባለ ተክል ለብዙ ዓመታት ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ አበባ አውጥቶ ሲሞት፣ ጓሳ ግን በቁጠባ ይኖራል፤ በታጨደም ጊዜ ካከማቸው ወስዶ እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ነገር ግን ያወጣውን ሳይተካ ደግመው ደጋግመው ቢያጭዱት፣ ጉብታው ሳስቶ ቦታውን ለሌላ ተክል ይለቃል።

የመንዝ አበው ይህን ምሥጢር በትምህርት ቤት ባይማሩትም በሕጋቸው አጽንተውታል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ቆየ በሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት፣ አባ ቄራ ተብሎ የሚመረጠው አለቃ ጓሳውን አንዳንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከአጨዳና ከግጦሽ ዘግቶ ያቆየው ነበር። ሕዝቡ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ለማጨድ የሚገባው ዘመኑ ሞልቶ በበጋ በተፈቀደ ጊዜ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቄሮው የተደገፈበት የርስት ሥርዓት ሲቀር ሥልጣኑም ላልቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በኮሚቴ አደራጅቶ እንደ ገና አቁሞታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እስከ ዛሬ በዚያ ይኖራሉ።

የዚህ ጥበቃ በረከት በመንዝ አይወሰንም። የዝናቡ ጠብታ በጉብታዎቹ ላይ ሲያርፍ ኃይሉ ይበርዳል፤ ውኃውም በጥድፊያ ከመውረድ ተገትቶ፣ የሣር ፍርስራሽ ወዳጠቆረው አፈር ይሰርግና ዝናብ ካባራ በኋላ በየምንጩ ይወጣል። ከጓሳ ከሚነሡት ወንዞች ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹም የአቃቂ ወንዝ ወደሚገባበት ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ከአቃቂ ጕድጓዶች ተስቦ አዲስ አበባ የምትጠጣው ውኃም ቢሆን በዙሪያው ከፍታዎች ወደ ምድር የሰረገ ዝናብ ነው። ስለዚህ በቆላውም በከተማውም የምንኖር ሰዎች ከመንዝ አበው ልንወርሰው የሚገባን ሕግ አንድ ነው፤ ይኸውም ከምድር ገጽ አንዳች ነገር ከማጨዳችን አስቀድሞ፣ ተክሉ ያለፈውን አጨዳ ተክቶ እንደ ሆነ መመርመር፣ ካልተካም የትዕግሥቱን ዘመን በፈቃዳችን ማርዘም ነው።