አንጎልና ቋንቋ፦ የንግግር መታወክ ለመምህሩ ያለው ትርጉም

መግቢያ

ቋንቋ በክፍል ውስጥ የትምህርት ሁሉ መሣሪያ ነው። ሒሳብም ሆነ ታሪክ፣ ሳይንስም ሆነ የእጅ ሥራ ለተማሪው የሚደርሰው በቃል ወይም በጽሑፍ ነው፤ የተማሪው ዕውቀት የሚመዘነውም በሚናገረውና በሚጽፈው ነው። በዚህ ምክንያት መናገር የተሳነው ተማሪ ማሰብም እንደ ተሳነው በቀላሉ ይገመታል። ይሁን እንጂ ከ160 ዓመታት በላይ ሲካሄድ የቆየው የአንጎል ጥናት ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ስሕተት መሆኑን ያስረዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አንጎል ቋንቋን እንዴት እንደሚያከናውን፣ ጉዳት ሲደርስበት ምን እንደሚከተልና ይህ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ምን ትርጉም እንዳለው ባጭሩ መግለጽ ነው።

የጥናቱ አጀማመር

እ.ኤ.አ. በ1861 በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው የቢሴትር ሆስፒታል አንድ የ51 ዓመት ሰው ይታከም ነበር። ለሚቀርብለት ጥያቄ ሁሉ የሚሰጠው መልስ «ታን፣ ታን» የሚል ብቻ ስለ ነበር የሆስፒታሉ ሰዎች «ታን» ብለው ይጠሩት ነበር። ፖል ብሮካ የተባለው የቀዶ ጥገና ሐኪም በሆስፒታሉ ስንት ዓመት እንደ ቆየ ሲጠይቀው፣ ሰውየው እጁን አራት ጊዜ ዘርግቶ በመጨረሻ አንድ ጣት ጨመረ። 21 ዓመት ማለቱ ነበር፤ መልሱም ትክክል ነበር። ቃል የጠፋው ሰው ጥያቄውን ሰምቶ፣ አስቦና ቆጥሮ መመለስ ችሏል ማለት ነው።

ሰውየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መረመረ፤ ጉዳቱንም በግራው ንፍቀ አንጎል፣ ከግንባሩ ክፍል በስተኋላ አገኘው። ይህ ሥፍራ እስከ ዛሬ ድረስ የብሮካ ክፍል በመባል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1874 ደግሞ ካርል ቬርኒከ የተባለው የ26 ዓመት ጀርመናዊ ሐኪም ከግራው ጆሮ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሌላ ሥፍራ ሲጎዳ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ የቋንቋ መታወክ እንደሚከተል ገለጸ።

የሁለቱ መታወኮች ልዩነት

ከአንጎል ጉዳት የተነሣ የሚመጣ የቋንቋ መታወክ አፌዢያ ይባላል። የብሮካ ዓይነት በሚባለው አፌዢያ ታማሚው ቃላትን አንድ በአንድ በብዙ ድካም ያወጣል። ስሞች በአብዛኛው ይቀሩለታል፤ ቃላትን የሚያያይዙት አገባቦችና የግስ ርባታዎች ግን ይጎድላሉ። ትላንት የት እንደ ዋለ ቢጠየቅ «ሆስፒታል... ሐኪም... መርፌ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። በአማርኛ «አልነገርኋቸውም» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ድርጊትን፣ ባለቤትን፣ ተሳቢንና አሉታን አጣምሮ እንደሚይዝ ሲታሰብ የችግሩ ክብደት ግልጽ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ታማሚ የሚነገረውን በአመዛኙ ይረዳል። ሆኖም ትርጉሙ በሰዋስው ብቻ የሚለይ ዓረፍተ ነገር ያስቸግረዋል። «ውሻው ልጁን ነከሰው» የሚለውን ከልማድ በመነሣት መገመት ይቻላል፤ «ውሻውን ልጁ ነከሰው» የሚለውን ግን ለመረዳት ተሳቢዋን «ን» ማስተዋል ያስፈልጋል።

በቬርኒከ ዓይነት አፌዢያ ንግግሩ ሳይቆራረጥ ይፈስሳል፤ ዜማውም የተለመደው ነው። ዳሩ ግን ቃላቱ ቦታቸውን የሳቱ ወይም በቋንቋው ውስጥ ጨርሶ የሌሉ ናቸው። ታማሚው የሚነገረውን በሚገባ አይረዳም፤ ብዙ ጊዜም የራሱን ስሕተት አያስተውልም። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ይህን እንደ እብደት ሊቆጥረው ይችላል።

ንባብና ጽሕፈት

ንባብና ጽሕፈትም ቢሆኑ የማይነጣጠሉ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1892 የፈረንሳይ ሐኪም ዦዜፍ ዠል ደዠሪን ያቀረበው ታማሚ ይናገራል፣ ይሰማል፣ ይጽፋልም፤ ነገር ግን የጻፈውን ራሱ ማንበብ አይችልም ነበር። የፊደላቱን ቅርጽ በእጁ ሲከተል ግን ይለያቸው ነበር። ዓይን የሚያየውን ቅርጽ ፊደልን ከሚያውቀው የግራ አንጎል ክፍል ጋር የሚያገናኘው መንገድ ስለ ተቋረጠ ዕውቀቱ ሳይጠፋ መግቢያው ብቻ ተዘግቶ ነበር።

የዛሬው አመለካከት

ከቀኝ እጅ ተጠቃሚዎች ከ90 በመቶ በላይ፣ ከግራኞችም የሚበዙት ቋንቋን በዋናነት የሚያከናውኑት በግራው ንፍቀ አንጎል ነው። ሆኖም ቋንቋ በሁለት ሥፍራዎች ብቻ ተወስኖ የሚኖር አይደለም። በፓሪስ ተጠብቆ የቆየው የታን አንጎል በዘመናዊ የማግኔት መሣሪያ ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ፣ ጉዳቱ ብሮካ ከላይ ካየው እጅግ ጠልቆ የአንጎል ክፍሎችን የሚያገናኙትን የነርቭ ክሮች ጭምር ያጠቃለለ መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ ቋንቋ የብዙ ክፍሎች የተያያዘ ሥራ ውጤት ነው፤ ጉዳቱ በደረሰበት ሥፍራና በስፋቱ መጠን የሚጎድለው ችሎታም ይለያያል።

በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጉዳት

በአዋቂዎች ዘንድ ዋናው የአፌዢያ መንስኤ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፈንዳት ነው። በተማሪዎች ዘንድ ግን የመኪና አደጋ፣ ከከፍታ መውደቅ፣ ማጅራት ገትርና አንጎልን የሚያጠቃ ወባ ይበልጥ ይታሰባሉ። በሕፃንነት የግራ አንጎላቸው በአንድ ሥፍራ የተጎዳ ልጆች ሌላው ክፍል ሥራውን እየተካ ብዙ ጊዜ ቋንቋን መልካም አድርገው ይለምዳሉ። መላውን አንጎል የሚነካ ሕመም ግን ልጁ ከዳነ በኋላም ቃል የመፈለግ፣ ትእዛዝ የመከተልና የማንበብ ችግር ሊተው ይችላል።

ከዚህም ሌላ ማጅራት ገትር ጆሮን ሊያደነቁር ስለሚችል የመስማት ችሎታ አስቀድሞ መመርመር አለበት። በአንጻሩ ላንዳውና ክሌፍነር እ.ኤ.አ. በ1957 የገለጹት ከሚጥል በሽታ ጋር የተያያዘ መታወክ የያዘው ልጅ ጆሮው እየሰማ ቃላትን መለየት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ደንቆሮ ይመስላል።

የመምህሩ ድርሻ

ሕመሙን መለየትና ማከም የሐኪም ሥራ ነው። ሆኖም ልጁ ከሕመሙ በፊት ምን ይችል እንደ ነበር የሚያውቀው፣ የማርክ መዝገቡም በእጁ የሚገኘው መምህሩ ነው። በሥርዓተ ትምህርቱ የታወቁትን አራቱን የቋንቋ ክሂሎች ለየብቻ ቢፈትን ጠቃሚ መረጃ ያገኛል።

1. ማዳመጥ፦ «ደብተሩን ከእርሳሱ ሥር አድርግ» እንደሚለው ያለ፣ በሥራ እንጂ በቃል የማይመለስ ትእዛዝ መስጠት።

2. መናገር፦ ዕቃዎችን እያሳዩ ስማቸውን መጠየቅና በቂ ጊዜ መስጠት። በአፌዢያ የተያዘ ሰው መቁጠር ወይም የለመደውን መዝሙር መዘመር እየቻለ ለጥያቄ መልስ ሊያጣ ስለሚችል «ሲፈልግ ይናገራል» ብሎ መፍረድ አይገባም።

3. ማንበብ፦ ድምፅ ሳያሰማ አንብቦ ከቃሉ ጋር የሚስማማውን ሥዕል በጣቱ እንዲያመለክት ማድረግ።

4. መጻፍ፦ መገልበጥን፣ የቃል ጽሕፈትንና ከራስ አመንጭቶ መጻፍን ለይቶ ማየት። የግራ አንጎል ጉዳት ቀኝ እጅን ስለሚያደክም ልጁ በግራ እጁ እንዲሞክር መፍቀድ።

ከአንድ በላይ ቋንቋ በሚናገር ሰው ላይ ሁሉም ቋንቋዎች እኩል ላይጎዱ ስለሚችሉ ፈተናው በአፍ መፍቻ ቋንቋውም መደረግ ይኖርበታል። የተገኘው ውጤት ተጽፎ ከልጁ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ቢላክ ሐኪሙን በእጅጉ ይረዳል።

ማጠቃለያ

ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ በአንጎል ውስጥ የተያያዙ ቢሆኑም አንዱ ሲጎድል ሌላው ሊቀር ይችላል። ይህ የታወቀ ከሆነ በአንድ ክሂል ብቻ የሚመዝን ፈተና ለተጎዳው ልጅ ትክክለኛ ሚዛን ሊሆን አይችልም። በመሆኑም የዕቅድ አውጪዎች ተግባር በምልክት፣ በሥራ ወይም በተራዘመ ጊዜ መልስ መስጠት የሚቻልበትን የፈተና ደንብ ማዘጋጀትና ጉዳዩን በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ውስጥ ማካተት ነው። ይህ ካልተደረገ ከሕመም ድኖ ወደ ክፍል የተመለሰ ልጅ ያወቀውን የሚገልጽበት መንገድ በማጣቱ ብቻ ከትምህርት ገበታ ሊወገድ ይችላል።